አክሊል ያላት ፕላኔት

ዛሬ ጠዋት የማስታምማቸው ሴትዮ ቴሌቪዥን ከፍተው ስለ ድሮዎቹ የጨረቃ ሮኬቶች የተሠራ መታሰቢያ ፕሮግራም ሲመለከቱ እኔ ትራሳቸውን እያስተካከልኩ ነበር። ሮኬቱ እሳት እየተፋ ተነሣ፤ ቀጥሎ ባለ ቀለበቷ ሳተርን በጥቁሩ ሰማይ ላይ ብቅ አለች። እጄ ሳላዝዘው አማተበ። ሴትዮዋ ገርሟቸው አዩኝ። ምን ብዬ ላስረዳቸው? ግንቦት ገብቶ በረዶው ባልቀለጠበት በዚህ አገር የተማርኩት ቋንቋ ለሥራ እንጂ ለትዝታ አይበቃኝም።

ጌጃ ሰፈር የነበረው ቤታችን የጭቃ ግድግዳው በጋዜጣና በመጽሔት የተለበጠ ነበር። ግንቦት ልደታ ሲቃረብ እማዬ ግድግዳውን ልታድስ የዱቄት ሙጫ ታፈላለች፤ ቤቱ ሊጥ ሊጥ ይሸታል። አባዬ የአሰብ መንገድ ሾፌር ስለነበር ወደብ ላይ ያገኘውን የፈረንጅ መጽሔት ጠቅልሎ ያመጣልናል። የኛ ዘመን ልጆች ማንበብ የለመድነው ከግድግዳ ነው ብል የሚከራከረኝ ያለ አይመስለኝም፤ ተጋድመን፣ አንገታችንን አጣመን፣ ተገልብጦ የተለጠፈውን ሳይቀር። ከአልጋዬ በላይ ሁለት ሥዕሎች ጎን ለጎን ነበሩ፤ እሳት የሚተፋ ሮኬትና ዙሪያዋን ብርሃን የከበባት ክብ ነገር።

ልደታ ቤተ ክርስቲያን የማያቸው ቅዱሳን ሁሉ የብርሃን አክሊል ስላላቸው፣ ይህችም ፊቷ ገና ያልተሣለ ቅድስት ናት ብዬ ደመደምኩ። አባዬ መንገድ በወጣ ቁጥር አልጋዬ ላይ ቆሜ እሳለማትና "አባዬን በሰላም መልሺልኝ" እላታለሁ። እሷም ትመልስልኝ ነበር።

አንድ ዓመት ግን "ለልደታ እደርሳለሁ" ብሎ የሄደው አባዬ እስከ ዋዜማው ድረስ ቀረ። እማዬ ሙጫዋን ይዛ ስትመጣ እኔ ሥዕሏን ተሳልሜ ሳልጨርስ ታላቅ እህቴ አልማዝ ደረሰችብኝ።

"እማዬ፣ ነይ ጉድ እዪ! ይቺ ልጅ ጋዜጣ ትሳለማለች!"

"አንቺ፣ አፍሽን ያዢ!" አለቻት እማዬ።

"እዪያት እንጂ! የጋዜጣ መነኩሲት!"

ከግድግዳው ተለጥፌ ቀረሁ። "እሷ ከተሸፈነች አባዬን ማን ያመጣዋል?" አልኩ እያለቀስኩ። እማዬ ፊቷን አዞረች። እሷም እንደፈራች ያን ጊዜ ገባኝ። ቤቱን ሁሉ አዲስ ጋዜጣ አልብሳ ከአልጋዬ በላይ ያለውን ቦታ ብቻ ተወችው።

አባዬ በበዓሉ ማግስት ገባ፤ መኪናው በረሃ ላይ ተበላሽቶበት ኖሮ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። ያስቀመጥንለትን ንፍሮ ሳይቀምስ አልማዝ ጉዴን ዘረገፈችው። አልሳቀም። አቅፎ ወደ ግድግዳው አስጠጋኝ።

"በዚህኛው ሮኬት ሰዎች ጨረቃ ድረስ ሄደው ቤታቸው ተመልሰዋል። ይቺ ግን ቅድስት አይደለችም፣ የኔ እናት። ሩቅ ያለች ዓለም ናት። ሰው አልደረሰባትም፤ ሰው የሌለባት መንኮራኩር ልከው ነው ፎቶዋን ያነሧት።"

"መንኮራኩሯስ መቼ ትመለሳለች?"

"እሷ አትመለስም። ፎቶ እየላከች መሄድ ነው።"

"ብቻዋን?"

"ብቻዋን።"

ከዚያን ቀን ጀምሮ ያቺን ሥዕል መሳለሙን ትቼ ወደ ፈጣሪ ዞርኩ። ስተኛ፣ በጸሎቴ መጨረሻ፣ "እዚያ ሩቅ ያለችውን፣ ብቻዋን ናትና፣ አትርሳት" እላለሁ። አባዬ ከመጋረጃው ማዶ "አሜን" ይላል።

ያ ቤት ፈርሷል፤ እማዬም አርፋለች። አባዬ አሁን ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው። ግድግዳው ነጭ ቀለም ተቀብቷል፤ ንጹሕ ነው፣ ግን ተጋድመው የሚያነቡት የለውም። እኔ ከዚህ ፎቶ እልክለታለሁ፤ በረዶውን፣ መስኮቴን፣ ራሴን። መቼ ትመጫለሽ ማለቱን ከተወ ቆየ።

ዛሬ ልደታ ስለሆነ ከሥራ ስወጣ ደወልኩለት።

"ፎቶው ደርሶኛል" አለኝ። "ወፍራም ኮት መልበስሽ ደግ አደረግሽ።"

"አባዬ፣ ያቺ መንኮራኩር ትዝ ትልሃለች?"

"እንዴት አትለኝ! ጸሎትሽን እኮ ወስጄብሻለሁ። ጠዋት ጠዋት ልደታ ደጅ ቆሜ የምለው እሱን ነው።"

"እስቲ በለው።"

ጉሮሮውን ጠረገ። "እዚያ ሩቅ ያለችውን፣ ብቻዋን ናትና…" ብሎ ድምፁ ተሰበረ። "አትርሳት" ብሎ ጨረሰው።

በረዶው ላይ ቆሜ "አሜን" አልኩ።