ቁመት ለኪው ኦረስት

ኦረስት ዛካርቹክ ረጅም ነው፤ ሲሄድም ቀኝ ትከሻውን ጣል ያደርጋል። ሻይ ቤቴ ሲገባ ጎንበስ ካላለ የበሩ ጉበን ግንባሩን ያገኘዋል። እንዲህ ያለ ሰው ምን ይፈራል ትሉ ይሆናል። እኔ ግን አንድ ቅዳሜ ብርጭቆ ይዞ የሻዩን ግማሽ ለወለሉ ሲያጠጣ አይቻለሁ።

የኔ ሻይ ቤት የበረዶ ሆኪው ሜዳ ጥግ ላይ ናት። ሻይና ጥብስ ድንች እሸጣለሁ፤ ትልቁም ትንሹም ባባ፣ ሴት አያቴ ማለት ነው፣ ይለኛል፤ የሁሉም አያት ሆኜ ቀርቻለሁ። ማንበብ አላውቅም። ሰው በማየት ግን ማንም አይቀድመኝም።

ኦረስት እዚሁ ያደገ ነው። በአስራ ዘጠኝ ዓመቱ ጉልበቱ በረዶው ላይ ተሰበረና መጫወቱ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ክረምት ሙሉ ለከተማው ክለብ ልጆች ይመርጣል። ከተመልካች መቀመጫዎቹ ከላይ ጥግ ላይ ብቻውን ይቀመጥና የሱፍ ፍሬ እየቆረጠመ ያያል። ጎል ያገባውን አይደለም የሚያየው። በዱላ የሚመቷት ጥቁሯ ጎማ ሳትደርሰው በፊት ዞር ብሎ ከኋላው ማን እንዳለ የሚያጣራውን ነው። ወድቆ ሲነሳ ዳኛውን ሳይሆን ጨዋታውን የሚፈልገውን።

ያም ሆኖ የአስራ አራት ዓመት ልጅ ያታልላል። ግዙፉ አድጎ ጨርሶ ይሆናል፤ ደቃቃው ገና አልጀመረም ይሆናል። ስለዚህ ኦረስት ወላጆችን ይለካል። ጫማ አስወልቆ፣ የኔን በር መቃን አስደግፎ፣ በእርሳስ ምልክት ያደርጋል። ያ ቁመትና ልጁ ያድጋል አያድግም የሚለው ግምቱ ካልተጻፈ ክለቡ የልጁን ስም አይቀበልም። አባቶቹ ታዲያ የማያደርጉት የለም። አንዱ ካልሲው ውስጥ ካርቶን አጥፎ ከቶ መጣ። ያሳበቅኩበት እኔ ነኝ፣ ምን እደብቃለሁ።

ያን ክረምት አንድ ቦታ ብቻ ቀርቶ ነበር፣ ለዚያ ቦታ የሚበቃ ልጅ ደግሞ ታራስ ብቻ ነበር። ታራስ የዋሲል ልጅ ነው፣ በረዶውን በማሽን የሚያለሰልሰው የዋሲል። ልጁ ሜዳው ላይ ጀርባው ላይ ዓይን ያለው ይመስላል። ግን ደቃቃ ነው፣ ዱላው ይበልጠዋል። አለቆቹ ለኦረስት በስልክ የነገሩት አጭር ነው፤ አባቱ አጭር ከሆነ ተወው። ዋሲል ደግሞ ወንበር ላይ ቆሞ እንኳ ኦረስትን አያክልም።

አሁን ወደ ፍራቻው ልምጣ። የዛሬ ምናምን ዓመት፣ አጨዳ ላይ፣ የኦረስትን ፒክአፕ ከስንዴው ጎተራ ጀርባ በጠራራ ፀሐይ ቆማ አይቻታለሁ። አንድ ቀን ብቻ አይደለም። ዶሪን፣ የዋሲል ሚስት፣ ፀጉሯን እያሰረች ከዚያ ስትወጣም አይቻለሁ። በሚቀጥለው ግንቦት ታራስ ተወለደ። መቁጠር እንኳ እችላለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት፣ መለኪያው ቀን፣ ኦረስት ቀድሞ መጣ። ሻዩን አፈሰሰው አልኳችሁ። ልጁ ያድጋል ብሎ ቢጽፍ፣ አለቆቹ ከዚህ አባት እንዴት ያድጋል ይሉታል። መልሱን ደግሞ ይህ ሰፈር በአንድ ሳምንት ይደርስበታል፤ የሰው ቤት ይፈርሳል። አያድግም ብሎ ቢጽፍ የገዛ ልጁን በር በእጁ ዘጋ። ይህን ሁሉ በቃሉ አልተናገረም፤ ላቡ ነው የነገረኝ።

«ባባ፣ አንቺ የምታውቂው ነገር አለ?» አለኝ።

«ስለምን? ስለ ድንች ከሆነ ብዙ አውቃለሁ።»

«አትቀልጂብኝ፣ በእናትሽ።»

«አንተ ጎተራ ጀርባ ስትሄድ መቼ አማከርከኝና ነው አሁን የምታማክረኝ?»

ፊቱ አመድ መሰለ። እውነቴን ነው፣ እኔም ፈራሁ። በዕድሜዬ ይዤ የቆየሁት ምስጢር እሱ ብቻ ነበር፤ ምላሴን ደግሞ ከኔ በላይ የሚያውቃት የለም።

በዚህ መሀል ዋሲል ገባ። በመስኮት ሳይ ዶሪን መኪናው ውስጥ ቀርታለች፣ ፊቷን በሻርፕ ሸፍናለች። ዋሲል ማንንም ሰላም ሳይል ቡትስ ጫማውን አወለቀ፣ መቃኑን ተደገፈ፣ ቀጥ ብሎ ቆመ። ኦረስት እርሳሱን አነሳ። በመጨረሻ ጫረና ዞር አለ።

ዋሲል ከመቃኑ አልተነቃነቀም።

«አሁን አንተ ቁም» አለው።

ጥብስ ድንቼ አረረ። ማንሳቱ ትዝ አላለኝም።

«ዋሲል፣ ስማኝማ…»

«አስራ አራት ዓመት ሰምቻለሁ። ልጁ የኔ ነው። ያስነጠሰውም ያሳለውም በኔ ትከሻ ላይ ነው። ቁመቱ ግን ያንተ ነው፣ ስለዚህ ጻፍ።»

«አለቆቹ ቢጠይቁኝስ?»

«የእናቱ አባት ረጅም ነበር በላቸው። ሞቷል፣ ማን ይለካዋል? ልጄን ልጄ ብለህ የጠራኸው ቀን ግን ማሽኑን ላይህ ላይ ነው የምነዳው፤ በረዶውን መልሼ አለሰልሰዋለሁ።» ከዚያ ወደኔ ዞረ። «አንቺም፣ ባባ።»

እሺ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። እሱ ማሽኑን ሲነዳ አይቼዋለሁ፣ ቀልዱ አላሳቀኝም።

ኦረስት ጻፈ። ያድጋል ብሎ ጻፈ፣ ፈረመ። ነሐሴ ላይ ታራስ ሻንጣውን ይዞ በአውቶብስ ወደ ከተማ ሄደ። ዋሲል እስከ መታጠፊያው በእግሩ ሸኘው።

ነገሩ በዚህ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ለገና ልጁ መጣ፤ የአባቱ ራስ የልጁ ጆሮ ጋ ብቻ ይደርሳል። ለፋሲካ ሲመጣ የዋሲል ኮፍያ ከልጁ አገጭ በታች ቀርቷል። ሴቶቹ ከቤተክርስቲያን ስንወጣ እንዴት አደገ፣ እንዴት አማረበት ይላሉ፤ ከኋላ ሆነው ደግሞ አረማመዱን ያያሉ፣ ቀኝ ትከሻውን ጣል አድርጎ ሲሄድ። አንዷ «ማንን ነው የሚመስለው?» አለች። እኔ አሳለኝ።

የኦረስት ግምት ትክክል ወጣለት፣ አለቆቹም አመሰገኑት። እሱ ግን ልጁ መጣ ሲባል አብረው እንዳይታዩ ከቤት አይወጣም። ባለፈው ሳምንት ሻይ ቤቴ ተቀምጦ የልጁ ቁመት የት ደረሰ ብሎ ጠየቀኝ። በእጄ አሳየሁት፤ ከራሴ በላይ፣ ከዚያም ትንሽ ጨምሬ።

«ይብቃው» አለ ቀስ ብሎ። «አምላኬ፣ እዚህ ላይ ይብቃው።»

ልጁ ግን ገና አስራ ስድስት ዓመቱ ነው።