ሥጋዬ ቀለም ቆጠረ

ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው። ሚስቴ ካረፈች ወዲህ ሽሮዬን ራሴ እሠራለሁ፤ ከካዛንቺስ ላንቻ በእግሬ እሄዳለሁ። ይህንንም በራሴ ጣት ነው የምጽፈው።

ዛሬ ሐኪሟ መንጋጋዬ ላይ የወጣው ዕጢ ምን እንደሆነ ነገረችኝ። ሰፈሩ እንደሆነ "ካንሰር ነው" ብሎ ሊቀብረኝ ቸኩሏል።

"አባባ፣ ቆርጠን የወሰድነው ሥጋ በመጀመሪያው ቀለም አልለይ አለን። ሌላ ቀለም ውስጥ ነክረን በማይክሮስኮፕ አየነው። ብዙ ሰው ላይ የማይገኝ ዕጢ ነው፤ ግን ካንሰር አይደለም።"

"እኔ ከመሠረተ ትምህርት አላለፍኩም፤ ሥጋዬ ግን ሁለት ቀለም ቆጠረ በይኛ!" አልኳት።

ሳቀች። "ቢሆንም በቀዶ ጥገና ይውጣ፤ አለበለዚያ አጥንትዎን ይበላል።"

ይውጣ። የእድር ሰዎች፣ ድንኳኑን መልሱት።

ከእናንተስ ሥጋው ቀለም የተነከረ አለ? ውጤቱን ስትጠብቁ እንዴት ዋላችሁ? ጻፉልኝ።

ልጄ "አባዬ፣ ያለብህን ስለትና ውለታ እኔ ልጨርስልህ" ትላለች። አልፈልግም። ለቂርቆስ የተሳልኩትን ጃንጥላ ራሴ አስገባለሁ። ሐኪም ቤት ወረፋ አብሮኝ የዋለውን ጎረቤቴን ከድርን ምሳ እጋብዛለሁ። የሚስቴ መቃብር አጥር ዝጓል፤ እሱንም ቀለም የምቀባው እኔ ነኝ።