የተዋናይቷ የክርስትና ስም

ያን ዓመት ከላሊበላ ለመውጣት ልቤ ተነሥቶ ነበር። ወደ ወልድያ የሚወርድ አውቶቡስ በየጠዋቱ ነበር፤ ብወርድ የሚጠብቀኝ ሰው ግን አልነበረም። ስለዚህ ቱሪስት እያስጎበኘሁ፣ ማንም የማይሰማውን ግጥም እየጻፍኩ ቆየሁ።

አንድ የጥቅምት ጠዋት አንዲት ጀርመናዊት አሮጊት በዋሻ ውስጥ ወደተሠራው ነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን በእግር ውሰደኝ አሉኝ። መንገድ ላይ ድንጋይ ላይ አረፍ ብለው ከቦርሳቸው የአንዲት ልጅ እግር ሴት ፎቶ አወጡ። አክስታቸው ናት። በፎቶው ከእኔ ስለምታንስ ይሆናል፣ አንቱ ልላት አልቻልኩም።

የዳቦ ጋጋሪ ልጅ ነበረች። ፊልም ገና ድምፅ ሳያወጣ በርሊን ገብታ፣ በዓይኗና በእጇ ብቻ እያለቀሰችና እየሳቀች እንጀራዋን በላች። ኩባንያው የቤት ስሟ ለፖስተር አያምርም ብሎ ሌላ ስም አወጣላት፤ አገሩ ሁሉ በዚያ ጠራት። ፊልም መናገር ሲጀምር ግን የገጠር አነጋገሯ አልተወደደላትም። መጀመሪያ የገረድ ሚና ሰጧት፣ ቀጥሎ ያንንም ነሷት። ድሮ መልኳ ይለጠፍበት በነበረ ሲኒማ ቤት በር ላይ ትኬት ስትቆርጥ አረጀች። ትኬት ከሚገዙት አንድም ያወቃት የለም። በኪራይ ክፍሏ ብቻዋን ስትሞት የእህቷ ልጅ፣ እኚሁ አሮጊት፣ ለቀብር አልደረሱም።

አሁን የሚያስታውሳት ከእሳቸው በቀር የለም፤ እሳቸውም አርጅተዋል። የመጡት ሰው በሚጸልይበት ቦታ አንድ ጊዜ ስሟ እንዲጠራላት ነው።

የዋሻውን ቄስ መስቀል ተሳልመን ጉዳዩን አስረዳኋቸው። ፎቶውን አተኩረው አዩና፣ ይህ ፊልም የሚሉት ከቪዲዮ ቤት የሚጮኸው ነው ወይ አሉኝ። የእሷ ዘመን ፊልም ድምፅ እንዳልነበረው ነገርኳቸው።

«ሳትናገር እንጀራ የበላች!» ብለው ሳቁ። «በየደጁ እየጮኹ የሚለምኑት ተማሪዎቼ ባዩዋት።» ከዚያ ዳዊታቸውን አጠፉት። «በል፣ የክርስትና ስሟ ማን ነው?»

ሴትዮዋ የፖስተሩን ስም ተናገሩ። ቄሱ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እሱ ሰው ያወጣላት ነው ልጄ። የተጠመቀችበትን ጠይቅልኝ።»

ጠየቅኋቸው። አያውቁትም። ቤት ውስጥ አክስቴ ብቻ ነበር የሚሏት፤ የተጠመቀችበት ቤተ ክርስቲያን ከነመዝገቡ በጦርነቱ ተቃጥሏል፤ እናታቸውም ሞተዋል። ጎንበስ ብዬ በእንግሊዝኛ፣ አንድ የሚያምር የክርስትና ስም ልፈልግላት እችላለሁ፣ ቄሱም አይጠረጥሩም አልኳቸው። ስም ማውጣት አያቅተኝም።

«አንድ ጊዜ አውጥተውላታል» አሉኝ ሴትዮዋ።

ቄሱ የተባባልነውን ሳይጠይቁ ከዋሻው ጣሪያ የሚንጠባጠበውን ጠበል በጣሳ ቀድተው ሰጧቸው። ጠጥተው፣ አመስግነው ወጡ።

ወደ ላሊበላ ስንመለስ ግማሽ መንገድ ላይ ሴትዮዋ ቆሙ። ስሟ ቢገኝ ኖሮ ቄሱ ምን ይሉ እንደነበር በአማርኛ በልልኝ አሉኝ። «እግዚአብሔር የ…» ብዬ ቆምኩ። ስሙ የሚገባበትን ያህል ትንፋሽ ዋጥኩና «ነፍስ ይማር» አልኩ።

እንድደግመው ለመኑኝ። ደገምኩት። በመካከሉ ዝም ስል ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ምን እንዳሉ ግን አልተሰማኝም።