ከተሳፋሪው ወንበር ስር

እኔ ተጠራጣሪ ሰው ነኝ። በር ቆልፌ ከወጣሁ በኋላ ተመልሼ እገፋዋለሁ። ሰው በሽታ ነው ይለኛል፤ እኔ ጥንቃቄ ነው እል ነበር። ያን ሰኞ ጠዋት መኪናዬን ሳስነሳ ዳሽቦርዱ ላይ የኤርባጉ መብራት በርቶ አልጠፋም ሲለኝ፣ «ተበላሸ» አላልኩም። «ገጭቶብኛል!» ነው ያልኩት።

ታናሽ ወንድሜን ማለቴ ነው። እሑድ እሑድ መኪናዬን ወስዶ እናታችንን እንጦጦ ማርያም ያደርሳታል። እኔ ቤተ ክርስቲያን የምገኘው ለሰርግና ለክርስትና ነው። ኤርባግ ደግሞ ያለ ግጭት ምን ይነካዋል? ጠራሁት።

«የት ነው የገጨኸው?»

«ኧረ ጋሼ፣ ምንም አልገጨሁም።»

«ታዲያ መብራቱ ዝም ብሎ በራ?»

«እናቴ ትሙት፣ አልገጨሁም!» አለና መሬት መሬቱን አየ። በቃ፣ ለእኔ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልገኝም። ቁልፉን ተቀበልኩት። መኪና ቢገጭ ይጠገናል፤ በእናቱ ስም ምሎ ዋሽቶኝ ከሆነ ግን ዕድሜ ልኬን እንደማላምነው ፊት ለፊት ነገርኩት። እናቴ ሶፋው ጥግ ላይ ቁጭ ብላ ትሰማለች። ቃል አልተነፈሰችም። ለትንሹ ልጇ አዝና ነው ብዬ አለፍኩት።

ሁለት ሳምንት ሰላምታም አልተለዋወጥን። እሑድ ሲመጣ እናቴ በታክሲ ሄደች፤ ላድርስሽ ብላት «ተወው፣ አንተ ሥራ ይበዛብሃል» አለችኝ። እኔ ደግሞ መኪናውን ዙሪያውን በጣቴ እየዳበስኩ ስመረምር ከረምኩ። ጭረት የለም፣ ጉድፍ የለም፣ ቀለሙ አንድ ዓይነት ነው። ይሄ ሊያረጋጋኝ ሲገባ ጭራሽ አባሰብኝ። ቆይ፣ ማን ነው እንዲህ አሳምሮ ያበጀለት?

በመጨረሻ ከአዲሱ ገበያ ዝቅ ብሎ ያለ አንድ ጋራዥ ወሰድኩት። የመኪና ኤሌክትሪሺያኑ ኮምፒውተሩን ሰክቶ አነበበና «ችግሩ በተሳፋሪው በኩል ነው፤ መስመሩ የሆነ ቦታ ተቋርጧል» አለ።

እሱንም አላመንኩትም። አንዳንድ መካኒኮች ትንሽ ነገር ገመዱ ላይ ያስሩና ኮምፒውተሩን ያታልሉታል ሲባል ሰምቻለሁ፤ መብራቱ ይጠፋል፣ ኤርባጉ ግን በድን ነው። «መብራቱን እንድታጠፋልኝ አይደለም የመጣሁት፤ ምን እንደነካው ንገረኝ» አልኩት።

«እሺ አባቴ» ብሎ የባትሪውን ገመድ ነቀለና ሻይ አዘዘ።

«ሥራውስ?»

«ኤርባጉ ውስጥ የተጠራቀመ ኃይል አለ፤ እስኪወጣ ይጠበቃል። ፊቴ ላይ እንዲፈነዳ ነው እንዴ የሚፈልጉት?»

ጎማ ላይ ቁጭ ብዬ እጁን እጁን አየሁ። ለእኔም ያዘዘልኝ ሻይ ቀዘቀዘ። ሻዩን ጨርሶ የዳሽቦርዱን ኪስ አወጣ፣ በእጅ ባትሪ ወደ ውስጥ አየ። «ይሄ ኤርባግ ከፋብሪካ ከወጣ ጀምሮ ማንም አልነካውም። ይሄ መኪና አልተገጨም» አለኝ። እኔ ግን ገና ነኝ፣ ገና አላመንኩም።

ቀጥሎ የተሳፋሪውን ወንበር ፈትቶ ገለበጠው። ስሩ የኤርባጉ ገመዶች የሚገናኙበት ቢጫ ሶኬት አለ። ሲነቅለው ውስጡ አረንጓዴ ሆኖ ዝጓል። ምንጣፉን በጣቱ ጫን ሲያደርገው ውሃ ወጣ።

«እንጦጦ ይመላለሳሉ እንዴ?»

«ምን አገናኘው?»

«ጸበል ነዋ። ሰው ጄሪካኑን ኋላ ከትርፍ ጎማ ጋር መጫን ይከብደዋል፤ ነውር ይሆንበታል። ስለዚህ ወንበር ስር ያስተኛዋል። ቁልቁለቱን ሲወርዱ ይንጠባጠባል። እዚህ ሰፈር ስንት ወንበር የፈታሁ ይመስልዎታል?»

ወንድሜ እውነቱን ነበር። ሶኬቱን ቀይሮ ባትሪውን መለሰ፤ መብራቱ ትንሽ በርቶ ጠፋ። የቀየረውን ሶኬት በእጄ ይዤ፣ አፍሬ፣ እየከነፍኩ ወደ ቤት ነዳሁ።

ሁለቱም ሳሎን ነበሩ። ሶኬቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩና ወንድሜን «ይቅርታ አድርግልኝ፣ በድዬሃለሁ» አልኩት። ከአፌ ሲወጣ እንዴት እንደከበደኝ! «ግን ጸበሉ መፍሰሱን አላየህም? ብትነግረኝ ያኔውኑ ያልቅ አልነበር?»

እሱ ወደ እናታችን ዞረ። የመለሰችው እናቴ ናት።

«አትንገረው ያልኩት እኔ ነኝ። ክዳኑን ያላጠበቅኩትም እኔ ነኝ። በነጠላዬ ጠራርገነው ነበር፤ የደረቀ መስሎን።»

«እንዴ እማዬ! ሁለት ሳምንት ሙሉ ውሸታም ብዬ ሳኮርፈው እያየሽ? በዚያ ጉልበትሽ ያን ዳገት በታክሲና በእግርሽ ስትወጪ? ምናለ ብትነግሪኝ?»

እጇን ጭኗ ላይ አጣጠፈች።

«ፈርቼህ ነዋ» አለች፣ ልክ እንደ ተራ ነገር።