የምህረት አንገት

ከአገር የወጣን ጠዋት የነበሩት ሁሉ ዛሬም ዓይኔ ላይ ናቸው። እናቴ ነበረች። እህቴ ወርቅነሽ ዓመት ከመንፈቅ የሆናትን ትንሿን ልጄን ማርታዬን አዝላ ነበር። አጎቴ ኤርጋኖ ከዘራውን ተደግፎ ቆሟል። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ሊጸልይልን መጥቷል። የልጆቻችንን ክንድ እየለካች የምትከታተለው የጤና ሠራተኛዋ አበበችም ነበረች። ምህረት ያኔ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ቀሚሴን ጨምድዳ ይዛለች። ያልነበረው ናትናኤል ብቻ ነው። እሱ ከእንሰቱ ጀርባ ተኝቷል።

ናትናኤል ከምህረት በታች የወለድኩት ልጄ ነው። በዚያ ክፉ ዓመት አበበች ክንዱን ስትለካው ጥብጣቡ የረሃብ ምልክት የሆነው ቀይ ላይ ቆመ፤ አረንጓዴውን ሳያይ ሄደብኝ። ስለዚህ መኪናው ከዱራሜ ሲነሳ በልቤ ማልኩ፤ ከእንግዲህ የኔ ልጅ አትከሳም አልኩ።

ባሌ ደሳለኝ ቀድሞን አዲስ አበባ መጥቶ ላፍቶ ውስጥ ሕንፃ ይጠብቅ ነበር። የተከራየልን አንድ ክፍል ነው። ማርታን ያስቀረኋት አከራያችን እትዬ ጥሩወርቅ የሚያለቅስ ሕፃን አላስገባም ስላሉ ነው። ልጄን እንዳልጠላኋት እንድታውቁልኝ ነው ይህን የምጽፍላችሁ፣ የአገሬ ሰዎች።

መታወቂያ ለማውጣት ወረዳ ሄድኩ።

«መሸኛ አምጪ» አለኝ ጸሐፊው።

«አልያዝኩም።»

«መሸኛ ከሌለሽ ከአገርሽ አልወጣሽም ማለት ነው።»

«እዚህ የቆምኩት ታዲያ ማን ነኝ?»

«እሱን የመጣሽበት ቀበሌ ይንገርሽ። ቀጣይ!»

ሥራ ግን ቶሎ አገኘሁ። ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ አንድ ቺፕስ ቤት ድንች እልጥ ነበር። ቺፕስ ማለት ያው የኛው ድንች ነው፤ ዘይት ውስጥ ዋኝቶ ሲወጣ ስሙን ይቀይራል። ማታ የተረፈውን ቺፕስና ቦምቦሊኖ ለምህረት አመጣለሁ። ለስላሳ እጨምርበታለሁ። እንቢ ካለች በእጄ አጎርሳታለሁ። «ብዪ፣ እንደ ወንድምሽ እንዳትሆኚ» እላታለሁ። ጉንጯ ሞላ፣ እጇ ሞላ። የሰፈሩ ሰው «ከተማው ተስማማት!» ሲለኝ እግዚአብሔርን አመሰግን ነበር። ፎቶዋን ስልክላችሁ አጎቴ ኤርጋኖ «ይቺማ የሚኒስትር ልጅ ናት» ያለው ለወራት ደስ ሲለኝ ኖሯል። ያን ጊዜ ነው ለወርቅነሽ በስልክ «ማርታን በጎመንና በቆጮ አታሳድጊያት፤ ዳቦ በሻይ ስጫት፣ ስኳሩን አብዢው» ያልኳት። ወደ አገር የሚሄድ ሰው ባገኘሁ ቁጥር ብስኩት እልክ ነበር።

ምህረት አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆናት አንገቷ ከኋላ በኩል ጠቆረ። እድፍ መሰለኝ። በሳሙና አሸሁት፣ አልለቀቀም። ተረከዜን በምፈትግበት ድንጋይ ፈተግኩት። ልጄ እያለቀሰች «እማ፣ ታጥቤያለሁ እኮ» ትለኝ ነበር። እኔ ደግሞ «ሰው ምን ይላል? እናት የላትም ይላል» እያልኩ እፈትጋለሁ።

ቀጥሎ ውሃ ማብዛት ጀመረች። መጀመሪያ ያስተዋሉት እትዬ ጥሩወርቅ ናቸው።

«አንቺ፣ እኔ ቤቴን ያከራየሁት ለሰው ነው ለግመል?»

«ሙቀቱ ነው እትዬ።»

«በክረምት? ታንከሬን ጠጥታ ጨረሰችው፤ ከሽንት ቤት አትወጣም። ወይ ልጅሽን አሳክሚ ወይ ቤቴን ልቀቂ።»

በቁጣ የተናገሩት ነው፤ ግን ጤና ጣቢያ የወሰደኝ እሱ ነው።

ሲስተሯ የምህረትን አንገት ገልጣ አየችና ዞራ አየችኝ።

«ይህን ማነው ያቆሰለው?»

«እኔ ነኝ። እድፍ ነው ብዬ።»

«እድፍ አይደለም እናት። ከውፍረቷ ጋር የመጣ ምልክት ነው።» ጣቷን ወግታ ደሟን አየች። ስኳር አለች።

«ስኳር የትልልቅ ሰው በሽታ አይደለም እንዴ?»

«አሁን እንደ እሷ ያሉም እየመጡብን ነው።»

ከዚያ ወረቀት ላይ ክብ ሳለችልኝ፤ ሳህን ነው። ግማሹን ጎመንና ካሮት አለችው። ከቀረው ግማሽ እኩሌታው ባቄላ ወይ ምስር፣ እኩሌታው እንጀራ ወይ ቆጮ። ለስላሳና ቦምቦሊኖ የትም ቦታ አልሳለችም።

«ይህማ ትቼው የመጣሁት ምግብ ነው» አልኳት። «የደሃ ምግብ ነው።»

«ጠዋት ስፖርት ጫማ አድርገው የሚራመዱትን ባለ መኪናዎች አላየሽም? ሲመለሱ የሚገዙት እሱን ነው» ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። እናንተ ጓሮ ጤዛውን አራግፈን የምንቀነጥሰው ጎመን፣ እዚህ ጠውልጎ በእስር ይሸጣል። እኔ ደግሞ እሱን ሸሽቼ ነው እዚህ ድረስ የመጣሁት።

አሁን ምህረት መድኃኒት ትወስዳለች፤ ከትምህርት ቤት በእግር እንመለሳለን። ሳህኗን በሲስተሯ ክብ ልክ እከፍላለሁ። ባለፈው ሳምንት ግን ቦርሳዋ ውስጥ በደብተር ወረቀት የተጠቀለለ ቦምቦሊኖ አገኘሁ። ሳለቅስ ቀና ብላ አየችኝ።

«እማ፣ ድሮ ካልበላሁ ታለቅሺ ነበር። አሁን ስበላ ታለቅሻለሽ። የቱን ልስማ?»



በዚያው ቀን ለወርቅነሽ ደወልኩ። ለማርታ ስኳር አቁሚ፣ ብስኩቱንም ለዶሮ በትኚው አልኳት።

«ከተማ ገብተሽ ሰሰትሽ?» አለችኝ። «ያንቺዋ ጠግባ ትደር፤ እኔ ያሳደግኳት ጎመን ትብላ? ሰው እንኳን ገና አሁን ነው ማርታ አማረባት ማለት የጀመረው።»

አማረባት ስትለኝ ሰፈሩ ስለ ምህረት «ከተማው ተስማማት!» ያለኝ ትዝ አለኝ። ሳላስረዳት ስልኩን ዘጋችብኝ። ከዚያ ወዲህ አታነሳም።

ስለዚህ ይህን የምታነቡ የአገሬ ሰዎች፣ አጎቴ ኤርጋኖ፣ አበበች፣ ማናችሁም ብትሆኑ ወርቅነሽ ቤት ድረስ ሂዱልኝ። አትቆጧት፤ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ማርታ ውሃ ታበዛ እንደሆነ ጠይቁልኝ። በቀን ብርሃን ፀጉሯን ወደ ላይ ሰብስባችሁ አንገቷን ከኋላ እዩልኝ። ጠቁሮ ከሆነ እንዳትፈትጉት። እንዴት እንደሆነ ብቻ መልእክት ላኩልኝ።