ኳየሩ ሁለት ጊዜ የዘመረበት ቅዳሜ

ባለፈው ሐሙስ በሰሜን ኮሎምበስ ፖላሪስ ሰፈር ካለው ሥራዬ ተመልሼ ሜይል ቦክሳችንን ስከፍት፣ ከማስታወቂያዎቹ መሐል የድሮ ዩኒቨርሲቲዬ የሚልከው የግቢ ዜና ወጣ። ገና ስገልጠው የማተሚያ ቀለሙ ሽታ፣ ያ ትንሽ ላምባ ትንሽ ደግሞ አዲስ ደብተር የሚመስለው ሽታ፣ አፍንጫዬን ሞላውና የመኪናውን ቁልፍ በጣቴ እንዳንጠለጠልኩ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። በዚህ ዓመት ዩኒቨርሲቲ የምትመርጠው ልጄ ሐናን በትከሻዬ አሻግራ አነበበችና «መጪ ፕሮግራሞች» በሚለው ዝርዝር ላይ ጣቷን አሳረፈች። የድሮ ተማሪዎች ከያሉበት ወደ ግቢው በሚመለሱበት በሆምካሚንግ ሳምንት፣ ቅዳሜ ላይ፣ የኳየሩ ኮንሰርት ሁለት ጊዜ ተጽፏል፤ አንዴ በምሳ ሰዓት ካፊቴሪያ ውስጥ፣ አንዴ ምሽት ላይ በትልቁ አዳራሽ።

«ዋይ ትዋይስ፣ ማሚ?» አለችኝ፣ ለምን ሁለቴ ሆነ ብላ።

«በእኔ ምክንያት ነው» አልኳት። አላመነችኝም፤ እራት እየበላን ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳት።

ግቢው ከኮሎምበስ አንድ ሰዓት ያህል በመኪና የሚያስኬድ፣ ዙሪያውን በበቆሎ ማሳ የተከበበ፣ ጥቁር አሜሪካውያን ሌላው በር ሁሉ ተዘግቶባቸው በነበረ ዘመን ለልጆቻቸው ያቆሙት ነው። እኔ በአሥራ አምስት ዓመቴ ከደሴ መጥቼ፣ በሰሜን ኮሎምበስ ትልቅ ሃይስኩል ውስጥ ስሜን በትክክል የጠራኝ ሰው ሳይኖር ሦስት ዓመት ተቀምጬ ነበርና፣ ግቢውን ልጎበኝ በሄድኩ ቀን የግቢው ዜና ክፍል ኃላፊ ሚስ ኦዴል ከቢሯቸው በር ብቅ ብለው ስሜን እንኳ ሳይጠይቁ «ምሳ በልተሻል?» ሲሉኝ እዚያው ወሰንኩ። አባቴ ግን አልወሰነም። አባቴ ጋሽ ይመር ዌርሃውስ ውስጥ ፎርክሊፍት የሚሉትን የዕቃ ማንሻ መኪና ይነዳ ነበር፤ በእረፍት ሰዓት የሥራ ጓደኞቹ «ጋሽ ይመር፣ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ደጃፍዎ ላይ እያለ ሴት ልጅዎን በቆሎ መሐል ለምን ይልካሉ?» እያሉ ሰላም ነሱት። በመጨረሻ «አንድ ሴሚስተር ሞክሪው፤ መጥቼ በዓይኔ አየዋለሁ፤ ካልወደድኩት ወደዚህ ትራንስፈር ታደርጊያለሽ» አለኝ። ሊያየው የመረጠው ቀንም የሆምካሚንጉ ቅዳሜ ሆነ።

ሚስ ኦዴል ሥራ ሰጥተውኝ ነበር። የዜና ክፍሏ ከቤተ መጻሕፍቱ ሥር ያለች፣ ክረምትም በጋም የማሞቂያው ቧንቧ የሚያንኳኳባት አንዲት ክፍል ነበረች፤ እሳቸው መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ መሳቢያቸውን በሚንት ከረሜላ ሞልተው፣ ቀይ እስክሪብቶ ይዘው ይቀመጣሉ። እኔ ከየትምህርት ክፍሉ የሚመጣውን ቁራጭ ወረቀት ሁሉ ሰብስቤ በኮምፒውተር እተይባለሁ። የቼዝ ክለቡ ስብሰባ፣ ባለቤቱ የጠፋ ቢጫ ጃንጥላ፣ ማስታወቂያው ከንግግሩ የሚረዝመው የታሪክ መምህር ንግግር፣ የዓሣ ጥብስ ፕሮግራም፣ ሁሉም በእጄ ያልፋል። ከሁሉ የምወደው ወረቀቱ ታትሞ እንደ ትኩስ ዳቦ ሲሞቅ በክንዴ ታቅፌ ማደል ነበር፤ ተማሪው፣ ወጥ ቤቱ፣ ጥበቃው፣ ሁሉም ቆሞ ያነበዋል፣ ወረቀቱ ላይ የተባለበት ቦታም ይሄዳል። ሚስ ኦዴልን በልቤ «እትዬ ኦዴል» እላቸው ነበር፤ አንድ ቀን ከአፌ አምልጦኝ ትርጉሙን ስነግራቸው ደስ ብሏቸው ለሁለት ሳምንት ስልክ ሲያነሱ ራሳቸውን እንደዚያ ብለው አስተዋወቁ።

የሆምካሚንጉን እትም በተየብኩ ቀን እሳቸው ዓይን ሐኪም ዘንድ ሄደው ነበር። አባቴ ኮል አደረገኝ። የእጅ ሰዓቱን አሜሪካ ከገባም በኋላ በአገራችን አቆጣጠር እንደሞላ ያኖረ ሰው ነው።

«ኮንሰርቱ ስንት ሰዓት ነው?» አለኝ።

«ከምሽቱ አንድ ሰዓት» አልኩት፤ አሜሪካኖቹ ሰባት የሚሉት ማለቴ ነው። ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መሐል እንደያዝኩ፣ አፌ ያለውን እጄ ጻፈው፤ ኮንሰርቱ «ዋን ፒኤም»፣ በአሜሪካኖቹ ከቀትር በኋላ አንድ ሰዓት፣ ሆኖ ታተመ። ቀይዋ እስክሪብቶ በሌለችበት ማንም አላየውም።

ቅዳሜ ፀሐይ የወጣችበት፣ የሜፕሉ ቅጠል ብርቱካን የመሰለበት፣ ከሜዳው በኩል የባንዱ ከበሮ ደረት የሚመታበት፣ የዓሣ ጥብስና የታጨደ ሣር ሽታ የተቀላቀለበት ቀን ነበር። ልክ ከምሳ በኋላ አዳራሹ ደጃፍ ስደርስ በሩ ተቆልፎ ከፊቱ ሕዝብ ቆሟል፤ ወይን ጠጅና ወርቃማ ባርኔጣ ያደረጉ እናቶች፣ ከሌላ ከተማ ነድተው የመጡ የድሮ ተማሪዎች፣ ሕፃን ያዘሉ ወጣቶች። ከዘራ የያዙ አንድ ሽማግሌ ወረቀቱን አሳዩኝና «ልጄ፣ ይሄ ወረቀት ተሳስቶ አያውቅም» አሉኝ። አየሁት። «ዋን ፒኤም» ይላል።

ሚስ ኦዴል የሚያማቸውን ጉልበት እየጎተቱ መጡ። ወረቀቱን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ማን ነው የጻፈው?»

«እኔ ነኝ።» ከዚያ በአገሬ ቀኑ የሚቆጠረው ከፀሐይ መውጫ እንደሆነ፣ የእነሱ ሰባት የእኛ አንድ እንደሆነ እየተንተባተብኩ አስረዳኋቸው። ሥራዬም፣ ሴሚስተሩም፣ ግቢውም ከእጄ ሲወጡ ይታየኝ ነበር። እስክጨርስ ሰሙኝና ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

«እና አባትሽ ስንት ሰዓት ነው የሚመጡት?»

«ሰባት... አንድ... ምሽት ላይ» አልኳቸው።

ወደ ሕዝቡ ዞረው «ኳየሩ ምሳ እየበላ ነው፤ ኑ፣ ያለበት እንሂድ» አሉና ያንን ሁሉ ሰው መርተው ካፊቴሪያ አስገቡት። የኳየሩ መሪ አፉን ጠርጎ ተነሣና ብርጭቆውን በሹካ መታ አድርጎ ድምፅ ሰጣቸው። ልጆቹ ከየወንበራቸው ተነሡ፤ አንዱ ባለ ወፍራም ድምፅ የዶሮ እግር በእጁ እንደያዘ ነው የዘመረው። ወጥ ቤቶቹ ጭልፋቸውን ይዘው ወጥተው ተቀበሏቸው፣ ሕፃናት ጠረጴዛ ላይ ቆሙ፣ ሽማግሌው ከዘራቸውን ወለሉ ላይ እየመቱ ከበሮ ሆኑ። እንዲህ ያለ ደስታ በምሳ ሰዓት አይቼ አላውቅም። እኔ ግን ከጁስ ማሽኑ ጀርባ ቆሜ አለቀስኩ፤ ምክንያቱም ሁሉም ሰምቶ ጠግቧል፣ ማታ ማንም አይመጣም፣ አባቴ አንድ ሰዓት ነድቶ የሚያየው ባዶ ወንበር ነው።

አመሻሹ ላይ አዳራሹ ደጃፍ ቆሜ ጠበቅሁት። ለዒድ የሚለብሰውን ግራጫ ኮት ለብሶ፣ ኮፊያውን አድርጎ፣ ለአንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ደረሰ። የአዳራሹ ፓርኪንግ ባዶ ነበር። ዞር ዞር ብሎ አየ።

«ሰው የለም እንዴ?»

ወደ በሩ ልመራው ስል ከተማሪዎቹ መኝታ ቤቶች በኩል ሳቅ ሰማን። መጡ። ከረባት ያሰሩ ልጆች፣ ረጅም ቀሚስ የለበሱ ሴቶች፣ ሽርጣቸውን ያወለቁ ወጥ ቤቶች፣ ባለ ባርኔጣ እናቶች፣ ሽማግሌውም ጭምር፤ ከምሳ ሰዓቱ እጥፍ ሆነው መጡ። ሲያልፉ አባቴን አንድ በአንድ ራሳቸውን ነቅነቅ እያደረጉ ሰላም አሉት፤ እሱም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ መለሰ።

መሐል ረድፍ ላይ ቦታ ለቀቁልን። አንዷ ስታወጣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ አባቴን አንድም ቃል አልገባውም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት መዝሙሮች እጁን አጣጥፎ ሰማ። ሦስተኛው ላይ መዳፎቹ ተነሡ፤ ወሎ መንዙማ ላይ ተቀምጦ እንደሚያደርገው፣ ከምቱ ትንሽ ዘግየት ብሎ፣ ቀስ እያለ ያጨበጭብ ጀመር። አጠገቡ የነበሩት ሴት አይተውት በእሱ ምት ማጨብጨብ ያዙ፤ ከዚያ ረድፉ፣ ከዚያ ከኋላ ያሉት። የአባቴን ጭብጨባ አዳራሽ ሙሉ ሰው ሲከተለው እያየሁ ዕንባዬን በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁ።

ስንወጣ ወደ መኪናው እየሄድን «እነዚህ ሰዎች መቀበል ያውቃሉ» አለኝ።

«ትራንስፈሩስ፣ አባ?»

«የምን ትራንስፈር?»

እዚያው ተመረቅሁ። በሚቀጥለው ዓመት ሰዎች የምሳውንም የማታውንም ኮንሰርት ጠየቁ፣ እንደዚያው ልማድ ሆኖ ቀረ።

ሚስ ኦዴል ካረፉ ሁለት ዓመት ሆናቸው። የዜና ክፍሏ ዛሬ የተሰበረ ወንበር ማስቀመጫ ናት፤ ዜናው በስልክ ይላካል፣ ወረቀቱ በዓመት አንዴ ለድሮ ተማሪዎች ብቻ ይታተማል፣ በእጅ የሚያድለውም የለም። ለቀብራቸው አባቴን ይዤ ሄድኩ። ያ የዶሮ እግር ይዞ የዘመረው ልጅ ጺሙ ሸብቶ አገኘሁትና የማላውቀውን ነገረኝ። ለካ ያን ቀን ከሰዓት ሚስ ኦዴል በዚያ ጉልበታቸው የመኝታ ቤቶቹን ደረጃ እየወጡ፣ በር በር እያንኳኩ፣ ግቢው ውስጥ ያገኙትን እንግዳም እያስቆሙ፣ «የአንዷ ልጃችን አባት ከኮሎምበስ ይመጣሉ፤ ደህና ልብሳችሁን ልበሱና ኑ» ሲሉ ነው የዋሉት። ለእኔ ግን አንድም ቀን ሳይነግሩኝ ኖሩ። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ሰዎቹ መዝሙሩን ወደው የተመለሱ ይመስለኝ ነበር።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ለአባቴ ነገርኩት። አሁን እሱ መንዳት አቁሟል፤ እጆቹን ጭኑ ላይ አጣጥፎ ተቀመጠ፤ የኮሎምበስ ሕንፃዎች ሲታዩ ጠየቀኝ።

«ያ ሁሉ ሰው ለእኔ ብሎ ነው የለበሰው?»

«ለአንተ ነው፣ አባ።»

«እኔ እኮ ሴትየዋን አመሰግናለሁ እንኳ አላልኳትም።»

«አጨበጨብክ እኮ» አልኩት።

ፊቱን በመስኮቱ ከመንገዱ ሥር ወደሚያልፈው ወንዝ መለሰ። «አዎ» አለ፤ «እሱስ አጨበጨብኩ።»