ፍሬን የምትሠራው ሴት

ጋራዡ በር ላይ ተራዬን ስጠብቅ ያየኋት መካኒክ ሰማያዊ ቱታ ለብሳ፣ ፀጉሯን በሻሽ ጠቅልላ አንድ ሞተር ሳይክል ሥር ተቀምጣለች። ባለሞተሩ ዕቃ አመላላሽ ስለሆነ ቸኩሏል።

«እህቴ፣ ፍሬኑ ይጮሃል። ግራሶ ለቅለቅ አድርጊበትና ልሂድ» አላት።

«ግራሶ የፍሬኑን ሸራ ከነካ ጩኸቱ ይጠፋል፤ አንተም አብረህ ትጠፋለህ» አለችው ቀና ሳትል።

ሸራውን የሚይዘውን ካሊፐር ፈታች። ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸውን የዛጉ ፒኖች እስኪያብረቀርቁ ፈትጋ በጣቷ ጫፍ ስስ ግራሶ ቀባቻቸው። ካሊፐሩ እንደ ልብ ወዲያና ወዲህ መንሸራተቱን አይታ ገጠመችው። የፍሬኑን እጀታ ደጋግማ ጨበጠችና ሞተሩን ራሷ ይዛው ወጣች። ከጋራዡ በታች ያለውን ቁልቁለት ወርዳ መጨረሻው ላይ ካለው ግንብ ሥር ስትደርስ ቀጥ አደረገችው። ጩኸት የለም።

«ማን አስተማረሽ?» አላት ባለሞተሩ።

«ባለቤቴ። የሰው ፍሬን ሲሠራ ሰዓት አያይም ነበር፤ የራሱን ግን ነገ ነገ እንዳለ በዚያው ቀረ።»

ሰውየው ቁልፉን ተቀበለ። ሲወጣ አልቸኮለም።

እኔ የመጣሁት ዘይት ለማስቀየር ነበር። ተራዬ ሲደርስ፣ «ፍሬኑንም እዪልኝ» አልኳት።

«ባትለኝም ሳላየው አልለቅህም ነበር» አለችኝ።